ማስተካከያ፦ ድምፁ ስለጠፋ የመኪና አቅጣጫ ጠቋሚ (በካርታና በድምፅ መንገድ የሚመራው ናቪጌሽን)

«ካርታው እየታየ ድምፅ ከሌለ ስፒከሩ ተቃጥሏል፤ አለዚያም ሁሉንም ወደ ፋብሪካ ቅንብር መልሱ» የሚለው በስፋት የተሰራጨ ምክር ትክክል አይደለም። ሬዲዮው በፊት ለፊት ስፒከሮች ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ ስፒከሮቹ ደህና ናቸው።

የመኪና አምራቾች የተጠቃሚ መመሪያዎች እንደሚያሳዩት፣ በብዙ መኪኖች የአቅጣጫ ጠቋሚው ድምፅ መጠን ከሙዚቃው የተለየ ነው። የሚስተካከለውም «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» እያለ ባለበት ቅጽበት የሬዲዮውን የድምፅ መጠን ቁልፍ በማዞር፣ ወይም ከቅንብር ዝርዝሩ ውስጥ ነው። ዘፈን ላይ ሆኖ ቁልፉን ማዞር የዘፈኑን ድምፅ ከማሳደግ በቀር የሚፈይደው የለም። (ንግግሩ የሰለቸው ሰው ዝቅ አድርጎት መርሳቱም የተለመደ ነው።) መንገድ የሚመራው በብሉቱዝ የተገናኘ ስልክ ከሆነ ደግሞ፣ ሬዲዮው ኤፍ ኤም ላይ ሳለ ድምፁ ላይሰማ ስለሚችል የድምፅ ምንጩን ወደ ብሉቱዝ መቀየር ነው።

ምክሩን ሰምተው ወደ ፋብሪካ ቅንብር የመለሱ፣ የተቀመጡ አድራሻዎችና የተጣመሩ ስልኮች አብረው ስለሚጠፉ እንደገና ማስገባት ይኖርባቸዋል።