ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት

ባለፈው አራት ሆነን ስለሌላ ነገር ስናወራ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው ወሬው ልጅ መቅጣት ላይ ወደቀና በቃ ጭቅጭቅ ሆነ። የጀመረው በእድሜ የሚበልጠን ሰውዬ ነው። «የዛሬ ልጆች አርጩሜ ስላላዩ ነው እንዲህ የተሞላቀቁት፣ እኔን አባቴ በቀበቶ እየገረፈ ነው ያሳደገኝ፣ ይኸው ምን ጎደለኝ? ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» አለ። እኔና ሌላው ልጅ ሳቅን፣ ያው የለመድነው ወሬ ስለሆነ።

አንዷ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እኔ 34 አመቴ ነው፣ አባቴ ጋ ከመደወሌ በፊት የምለውን በልቤ እለማመዳለሁ» አለች። እሱ አክብሮት ነው አላት። «አክብሮት አይደለም። ልጅ ሆኜ ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ድምፁን ሰምቼ ማታው እንዴት እንደሚያልፍ አውቅ ነበር፣ ቀስ ብሎ ከዞረ ሰላም ነው፣ ከተንኳኳ ደግሞ ቶሎ ደብተር ገልጬ የማጠና መምሰል አለብኝ። አሁን ባሌ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ በር ሲከፍት ግን ሶፋው ላይ ቀና ብዬ እቀመጣለሁ፣ ስልኬን አስቀምጣለሁ፣ ምን አጥፍቼ እንደሆነ እንጃ። ሰው ብርጭቆ ቢሰብር እንኳ ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ።»

«ያንቺ የባህርይ ጉዳይ ነው፣ ወንድምሽም አብሮሽ ነው ያደገው፣ እሱስ?»

«እሱማ ልጁን ይመታል።»

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዛ አብሮኝ የሳቀው ልጅ (ሳይኮሎጂ ያነባል፣ ማንበቡንም አይደብቅም) ገባበት። በፈረንጆቹ 2016 ሁለት ተመራማሪዎች የ50 አመት ጥናቶችን ሰብስበው ወደ 160 ሺ የሚጠጉ ልጆችን አይተው ነበር አለ፣ ያውም ቀበቶ ምናምን ሳይሆን ተራ በእጅ መምታትን ነው ያዩት፣ ተመቺዎቹ ልጆች ይበልጥ ታዛዥ ሆነው አልተገኙም፣ ይልቅ ከጠበኝነትና ከስነልቦና ችግር ጋር የተያያዘ ሆኖ ነው ያገኙት። ሰውዬው ሞኝ አይደለም፣ «አስቸጋሪ ልጅ እኮ ነው ብዙ የሚመታው፣ የቱ ከየቱ እንደመጣ በምን አወቁ?» አለው። ጥሩ ጥያቄ ነው በእውነት። ልጆችን ለአመታት የተከታተሉ፣ መጀመሪያ የነበረውን ባህርይ ሳይቀር ከግምት ያስገቡ ጥናቶችም አሉ፣ ዱላው ነገሩን ሲያባብሰው ነው የታየው ብሎ መለሰለት። ስዊድን በፈረንጆቹ 1979 ቤት ውስጥ ጭምር መምታትን በህግ ስትከለክል በአለም የመጀመሪያዋ ነበረች፣ አገሪቷ በባለጌ ልጆች አልጠፋችም ምናምን አለ፣ እሱን ማንም አልሰማውም።

እኔን ብትጠይቁኝ ሰውዬው ልጅ ገደብ ያስፈልገዋል ማለቱ ልክ ነው፣ ገደብና ዱላን አንድ ማድረጉ ነው ስህተቱ። ህመሙማ እስከ ማታ ይለቃል። የማይለቀው ሌላ ነው፣ ልጅ ሲፈራ የሚሮጠው ወደ ወላጁ ነው፣ የሚያስፈራው ራሱ ወላጁ ሲሆን ወዴት ይሩጥ? አባቴ ክፉ ነው እንዳይል ሌላ አባት የለውም፣ ስለዚህ እኔ ነኝ ክፉው ይላል፣ ያንን ይዞ ያድጋል። «የማትረባ» እየተባለ ያደገም ያው ነው፣ ምልክት ስለሌለው ማንም አይቆጥርለትም እንጂ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ ሰውዬው ላይ ያየሁት ግን የተወጋውም ረስቶ በቁስሉ ሲመርቅ ነው።

እኔም ስቄያለሁ እኮ። ቤት ገብቼ ለምን ለምን እንደተገረፍኩ ላስታውስ ሞከርኩ፣ አንድም ጥፋት አልመጣልኝም፣ ምን እንድማር እንደተፈለገ ጭራሽ ጠፍቶኛል። ቀበቶው ግን ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሁለተኛው ሚስማር ላይ ነበር የሚሰቀለው፣ ቡናማ ነው፣ ሶስተኛው ቀዳዳ ተቀዶ ሰፍቶ ነበር።