ልዩ ክፍሉን ወደ ሰፈራችን አምጡልን

የእህቴ ልጅ ባለፈው ወር የዩኒፎርሙን ቁልፍ ራሱ ቆለፈ። አራቱንም። 11 ዓመቱ ነው፣ ዳውን ሲንድሮም አለው፣ ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። እናቱ እልል ስትል እኔም ተቀበልኳት፣ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ በሩን አንኳኳ።

ያንኳኩት 4ኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ልጁን ሳሙት፣ ቡና ጠጣን። ሲወጡ ግን በር ላይ ቆም አሉና፣ በክፋት ሳይሆን በሐዘኔታ፣ «ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በታክሲ ተንከራተታችሁ፣ እስከ ዛሬ ሀ ሁ እንኳን አልለየም። ምን ያደርጋል መድከሙ?» አሉኝ። ያን ቀን መልስ አልሰጠኋቸውም። እዚህ ልመልስ፣ ምክንያቱም ይህን የሚጠይቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም።

ቁልፍ መቆለፍ ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ለማሙሽ አምስት ነው። ቁልፉን በሁለት ጣት መያዝ፣ ቀዳዳውን ማግኘት፣ ጠርዙን ማሾለክ፣ በሌላኛው እጅ መቀበል፣ መሳብ። ዳውን ሲንድሮም ያላቸው ልጆች ጡንቻቸው ላላ ያለ ነው፣ ጣታቸውም አጠር ይላል፣ ስለዚህ ትንሿ የሸሚዝ ቁልፍ ከእጃቸው ታመልጣለች። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ለብቻ በሚማሩበት ልዩ ክፍል የሚያስተምሩት መምህርቱ የጀመሩት በሸሚዝ አልነበረም። ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ወፍራም ጨርቅ ላይ ሰፍተው አመጡ። አራቱን እርምጃ እሳቸው ይሠሩና የመጨረሻውን፣ መሳቡን ብቻ፣ ለእሱ ይተዉለታል። ስለዚህ በየቀኑ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ነው፣ በየቀኑም ይጨበጨብለታል። መሳቡን ሲለምድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ መቀበሉንም ለእሱ ይተዋሉ። እንዲህ እያሉ እስከ መጀመሪያው። ሽንት ቤት መጠቀሙም፣ እጅ መታጠቡም፣ ጫማ ማድረጉም የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። ቁጭ ብዬ ስላየሁት ነው የምናገረው፤ እንዲህ የተጠና ማስተማር እኔ ራሴ ስማር አላጋጠመኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ዳውን ሲንድሮም እርግማን አይደለም፣ የእናቱም ጥፋት አይደለም። በሕዋሳችን ውስጥ የዘር ውርስን ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች 21ኛው፣ ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ ሲገኝ የሚመጣ ነው። (ጸበል የሚወስዱትን አልቃወምም፣ እኛም ወስደነዋል። ጸበሉ ትምህርቱን አያስቀርም።)

ይህ ዓይነቱ ትምህርት ታዲያ መቅረትን አይችልም። ሌላ ልጅ ሁለት ቀን ቢቀር ደብተር ተውሶ ይገለብጣል። ማሙሽ ሳምንት ቀርቶ ሲመለስ መምህርቱ ከወር በፊት ከነበሩበት ይጀምራሉ። እጁ በየቀኑ ካልደገመው ይረሳዋል።

እኛ ደግሞ እንቀራለን። የምንኖረው ከአያት አልፎ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እሱን የተቀበለው ልዩ ክፍል ያለው መሀል ከተማ ነው። እስከ አያት አንድ ታክሲ፣ ከአያት መገናኛ በባቡር ወይም በሌላ ታክሲ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሦስተኛ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ካልወጣን ሰልፉ አይቀመስም። ማሙሽ ግፊያ ይፈራል፣ ሲጋፉት መሬት ላይ ቁጭ ይላል፣ ቁጭ ካለ ደግሞ ማንሳት ጣጣ ነው፣ አሁን ከብዷል። አንድ ቀን ረዳቱ እኛን ሲያይ «ሞልቷል» ብሎ በሩን ዘጋው፣ ከኋላ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ በዓይኔ እያየሁ። መገናኛ ላይ ደግሞ ከሩቅ ሲያየን «ለልጁ መንገድ ልቀቁ!» እያለ ሰልፈኛውን ለምኖ የሚያስገባን ተራ አስከባሪ አለ። እግዜር ይስጠው።

ደርሰንስ? ትምህርቱ እስከ 6 ሰዓት ነው። ቤት ተመልሶ እንደገና መምጣት ሌላ የታክሲ ብር ስለሆነ እናቶቹ አጥሩ ሥር ነጠላቸውን ዘርግተው፣ ጥልፍ እየጠለፉ፣ ቆሎ እየተካፈሉ ይጠብቃሉ። እህቴ ሥራዋን የለቀቀችው በዚህ ነው። እኔ ተራ የምገባላት ሲያማት ወይም ጉዳይ ሲኖራት ነው። ደህና በሚባለው ሳምንት ሦስት ቀን እንሄዳለን፣ ዝናብ ሲሆን አንድም ላንሄድ እንችላለን። ቁልፏ ሦስት ዓመት የፈጀችው ልጁ ስለማይችል ብቻ አይደለም እትዬ። መንገዱ ግማሹን በልቶታል።

ከተማው ሰውን ወደ ዳር እያወጣ ነው። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ በቅርቡ ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሱት የገቡበት ገላን ጉራ። ብሎክ ሲሠራ ትምህርት ቤት አብሮ ይታሰባል፣ ጥሩ ነው። ሲታሰብ ግን እንደ ማሙሽ ያሉትም ከዚያው ብሎክ ወርደው እንደሚመጡ ይታሰብ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የተቀበለችው በ2002 ዓ.ም. ነው፣ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። አንቀጽ 24 እነዚህ ልጆች ከሌሎች እኩል፣ በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ በነፃ እንዲማሩ ይላል። በሚኖሩበት ነው የሚለው። ሦስት ታክሲ ወዲያ አይደለም።

አሁን አቅጣጫው አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ሁሉም ልጅ በአንድ ክፍል አብሮ የሚማርበት ነው፣ ልዩ ትምህርት ቤት ልጆችን ይነጥላል የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፣ ማሙሽ ከእኩዮቹ ተነጥሎ እንዲያድግ እኔም አልፈልግም። ግን ሞክረነዋል። ሰፈር ውስጥ ከ50 በላይ ልጆች ባሉበት ክፍል፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ሙሉ ሴሚስተር ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጦ ከረመ። መምህሩ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ለእሱ የሚሆን ጊዜ አልተረፈውም እንጂ። ያንን አካቶ አልለውም።

እኔ የምለው፣ በየዳሩ ባለው መደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ አንድ ልዩ ክፍል ይከፈት። ውኃና ሽንት ቤት አጠገቡ ያለ አንድ ክፍል፣ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነ አንድ መምህር፣ አንድ ረዳት፣ ከ10 ያልበለጡ ልጆች። በእረፍት ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ኳስ ያሯሩጥ፣ የብሎኩ ልጆች በስሙ ይጥሩት። እናቱ አድርሳው ሥራዋ ትሂድ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት አጥተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፣ ነፍሳቸውን ይማር። እሳቸው ቻሉ። እህቴ ግን ትምህርት ቤት መክፈት አትችልም፣ ሊጠበቅባትም አይገባም። ይህ የወረዳውና የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

እትዬ፣ እውነትዎን ነው፣ ሀ ሁ አልለየም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሱ ለብሶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ታች ሱቅ አራት ዳቦ ገዝቶ፣ መልሱን በጡጫው ጨብጦ ይመጣል። የዚህን ቅዳሜ የእርስዎንም እሱ ያምጣልዎት፣ ብሩን ብቻ ይስጡት።