በሜዳችን፣ በሰው አገር

ፍራንክፈርት ዳር፣ ጫካ መሐል ባለው ስታዲየም ሦስት ዓመት በጽዳት ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ሕዝቡ እየዘፈነ ወደ ባቡሩ ሲያመራ ነው። ከመቀመጫ ሥር ወረቀት እንለቅማለን፣ የፈሰሰ ቢራ እናጥባለን፣ መጸዳጃ ቤቱን እንወለውላለን። የላስቲክ ኩባያ ግን ብዙም አናገኝም። ኩባያው የመያዣ ገንዘብ ስላለው ጠጪው ራሱ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ እሱ የተወውን ደግሞ ልጆችና ጡረተኞች ከእኛ ቀድመው ይሰበስቡታል። ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው። አንድ ምሽት ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ላነሳ ሁለት እርምጃ ብገባ፣ የሣሩ ኃላፊ የነበሩት ሽማግሌ ከሜዳው ማዶ የጮኹብኝ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በብርዱ ወራት ጣሪያው ፀሐይ ስለሚከለክለው፣ በጎማ የሚገፋ ረጅም የመብራት ረድፍ እያመጡ ሌሊቱን ሙሉ ሣሩ ላይ ያበሩበታል። ብርሃኑን ሳይ የጫጩት ማሞቂያ ይመስለኝ ነበር። እኛ የቀዘቀዘ ሳንድዊች እየበላን ሣሩ ይሞቃል።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጋናዊ ነበረ። ኳስ ካነሳ አይመለስም። «እኛ የአፍሪካን ዋንጫ አራት ጊዜ ወስደናል፤ እናንተስ?» አለኝ። «አንድ ጊዜ። ግን ሦስት ጊዜ አስተናግደናል፤ የመጨረሻውም በ68 ነው» አልኩት። መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሳቀብኝ። የ1968ቱን እሱም ያውቀዋል፤ አገሩ አዲስ አበባ ላይ በኮንጎ ኪንሻሳ 1 ለ 0 የተረታችበት ፍጻሜ ነው። ከዚያ በኋላ በ1976 እንደገና አዘጋጅታችኋል እኮ፣ የራሳችሁን ታሪክ አታውቁም እንዴ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ከተሟገትን በኋላ ነው ሁለታችንም ልክ መሆናችን የገባኝ። ያደግኩት «በስልሳ ስምንት» ሲባል እየሰማሁ ነው፤ ያ ግን የእኛው ስልሳ ስምንት ነው። የፈረንጆቹ 1968 የእኛ 1960፣ የእኛ 1968 ደግሞ የፈረንጆቹ 1976። እንደ አጋጣሚ በሁለቱም «68» አስተናግደናል። አንባቢ እንደ እኔ እንዳይቸገር፣ ካልገለጽኩ በቀር ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

«በስልሳ ስምንት» የሚሉት አጎቴ ናቸው። ድሬዳዋ በምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። በዚያ ውድድር ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብፅና ኡጋንዳ አዲስ አበባ ላይ ሲመደቡ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ድሬዳዋ ወረዱ። ዛየር፣ ያቺው ኮንጎ ኪንሻሳ፣ የዋንጫው ባለቤት ሆና ነው የመጣችው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ምዕራብ ጀርመን ለዓለም ዋንጫ መጥታ ጌልዘንኪርሽን ላይ በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 የተቀጣች ቢሆንም፣ ለአጎቴ ያው የአፍሪካ ንጉሥ ነበረች። ንጉሡ ድሬዳዋ ላይ ከሱዳን አንድ አቻ ብቻ አግኝቶ ከምድቡ መጨረሻ ወጣ። አጎቴ ግን ውጤቱን አይደለም የሚያወሩት። የሚያወሩት ተጫዋቾቹ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሲንሸራሸሩ ስላዩዋቸው ነው፤ «ኪንሻሳን ሳላያት እሷ መጥታ አየችኝ» ይላሉ።

የእኛ ቡድን ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከግብፅ 1 ለ 1 ተለያይቶ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። ድግሱን የጨረሱት እንግዶቹ ናቸው። የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው መጋቢት አቦ ዕለት ነው። ዋንጫው በነጥብ ይለይ ስለነበር፣ ጊኒ ለመውሰድ ማሸነፍ ነበረባት፣ ሞሮኮን አቻ ይበቃታል። ጊኒ ቀድማ አገባች፤ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሞሮኮ አቻ አደረገችና ከአዲስ አበባ ዋንጫ ይዛ ሄደች። ይቺን ሞሮኮ አንባቢ ይያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ይህ ዋንጫ ሲወለድ አዋላጆቹ ጥቂት ነበሩ። በ1956 ሊዝበን ላይ በፊፋ ጉባኤ የተገናኙ ጥቂት አፍሪካውያን ሐሳቡን አነሡ፣ በየካቲት 1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ተመሠረተ፣ ውድድሩም እዚያው ተጀመረ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ይሳተፋሉ ተባለ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ካልሆነ ቡድን አልልክም አለች። ሦስቱ እንግዲያው ቅሪ አሏት። በዚህ ምክንያት ኢትዮጵያ አንድ ኳስ ሳትመታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ ደርሳም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፣ አራቱንም ያገባው ኤል ዲባ የሚባለው አጥቂ ነው። እኔ ይህን ሽንፈት ከብዙ ድል አስበልጬ እወደዋለሁ። ዓለም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሲጫወት በነበረበት ዘመን፣ ሦስት አገር ብቻ ይዘው ውድድር ማካሄድ መርጠዋልና። ከ39 ዓመት በኋላ ያቺው ደቡብ አፍሪካ ራሷ አስተናግዳ ራሷ ስታሸንፍ፣ ማንዴላ የቡድኑን ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን ለነጩ አምበል ለኒል ቶቪ አስረከቡ። ይድነቃቸው ተሰማ ያን ሳያዩ በ1987 አርፈዋል። ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ካፍን የመሩት፣ ደቡብ አፍሪካ ከእግር ኳሱ ዓለም እንድትገለል የታገሉት እሳቸው ናቸው። ለአፍሪካ አንድ ቀጥተኛ ቦታ እንኳ ያልሰጠውን የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ አፍሪካውያን አንወዳደርም ብለው ሲተዉትም ከፊት ከነበሩት አንዱ ናቸው። እዚህ አገር ስማቸውን የሚያውቅ አላጋጠመኝም። አገር ቤትስ ስንቱ ያውቃቸዋል?

የእኛ ቀን የ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ነበረች፣ እሑድ፣ ቃና ዘገሊላ በዋለ ማግስት። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈን ነው ፍጻሜ የገባነው፤ ከፊታችን ያቺው ግብፅ ነበረች። ሁለት ጊዜ መራችን፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባት፤ ሁለተኛዋን ያገባው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። የሚገርመኝ የአምበሉ ስም ነው። ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሰው፣ ጣሊያን ከወጣ ገና ሃያ ዓመት በሆነው አገር፣ የአገሪቱን ቡድን መርቶ ዋንጫ አነሳ። ጀርመን በቡድኗ ውስጥ የቱርክና የጋና ስም መስማት የለመደችው ትናንት ነው፤ አንዳንዱ ጎረቤቴማ ዛሬም አልለመደውም። በዚህ እንኳ ቀድመናቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስተናጋጅነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። ማስተናገድ እንደ ሠርግ ድግስ ነው፤ ጠርተህ ድንኳን ካልተከልክ ሌላ ይደግስልሃል። የ1996ቱ የኬንያ ነበር፣ ሳይሆንላት ቀርቶ ነው ወደ ደቡብ አፍሪካ የዞረው። የ2000ው ከዚምባብዌ ተወስዶ ለጋናና ለናይጄሪያ በጋራ ተሰጠ። የ2019ኙን ካሜሩን አላደረሰችም ተብሎ ግብፅ ተቀበለችው። ኬንያ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለ2027 ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር ተጣምራ ተመልሳለች። ታዲያ የእኛ ነገር ከሁሉም ይለያል። እኛ ዝግጅቱን ሳይሆን የራሳችንን ሜዳ ነው የተነጠቅነው።

የካፍ መርማሪዎች የአዲስ አበባውንም የባሕር ዳሩንም ስታዲየም አይተው ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይበቃም ስላሉ፣ ብሔራዊ ቡድናችን ለዓመታት «በሜዳው» የተጫወተው በሰው አገር ነው። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ነው፣ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። አስቡት፣ ከ1957 ጀምሮ የምንተናነቃትን ግብፅን ስናሸንፍ ጮቤ የሚረግጥልን ሰው የለም። የአዲስ አበባ ስታዲየም ግን ሰው የሚጠፋበት አልነበረም። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ እያልን ለየመደቡ ስም ያወጣን ሰዎች ነን። «ከማን አንሼ» ብሎ ለመቀመጫ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ሌላ የት ይገኛል? የፍራንክፈርቱ ስታዲየም መደቦች የሚታወቁት በቁጥር ነው።

ባለፈው አገር ቤት ስሄድ በስታዲየሙ ዙሪያ አንድ ከሰዓት ዞርኩ። ከመቀመጫዎቹ ሥር፣ በመንገዱ በኩል፣ የስፖርት ልብስ መሸጫውና ምግብ ቤቱ ተደርድሯል፤ ማሊያ ተሰቅሏል፣ ማኪያቶ ይጠጣል፣ ሊስትሮው ይሠራል። ውጪው ሕይወት አለው። ማሊያ የሚሸጠውን ልጅ የብሔራዊ ቡድኑን ጠየቅኩት። «የአርሴናል ነው ቶሎ የሚሄደው፣ ጋሼ» አለኝ። ፈረንጅ አገር የኖርኩ መሆኔን ከጫማዬ አውቆ ኖሮ፣ ዋጋውንም እንደ ጫማዬ ነገረኝ።

ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ወደ ቦሌ በኩል፣ ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ ታስቦ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም አለ። መንግሥትም በ2024 የካፍ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲሰበሰብ የ2029ኙን ዋንጫ እናዘጋጅ ብሏል። ደስ ይለኛል፣ ለምን አይለኝም። ነገር ግን የሦስት ዓመት መጥረጊያዬ ያስተማረኝ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። እኛ መመረቅ እንወዳለን፤ ሪባን እንቆርጣለን፣ ሰንጋ እንጥላለን፣ በማግስቱ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ግን «የሚመለከተው አካል» ይባላል። ፍራንክፈርት የሚገኘው ስታዲየም እዚያው ቦታ ላይ የተከፈተው በ1925 ነው። ለ1974ቱ የዓለም ዋንጫ አደሱት፣ ለ2006ቱ አፍርሰው ሠሩት፣ ለ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫም እንደገና ነካኩት። በ1974 ጀርመንና ፖላንድ ሊጫወቱ ሲሉ ዝናብ ሜዳውን ሐይቅ አድርጎት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃውን በፓምፕ ሲስቡ የሚያሳየው ፊልም ዛሬም ይታያል። ውኃ በእነሱም ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ልዩነቱ ያ የሣር ሽማግሌ ነው። ደመወዝ፣ ቁልፍና የመጮህ ሥልጣን ያለው፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው።

ጀርመኖቹን መላእክት አድርጌ እንዳልስላቸውም እፈራለሁ። ከ2006ቱ ዋንጫ ጋር የተያያዘ የ6.7 ሚሊዮን ዩሮ ክፍያ የእግር ኳስ ማኅበራቸውን በግብር ጉዳይ እዚሁ ፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ለዓመታት አመላልሶታል። በአውሮፓ ዋንጫው ወቅት ደግሞ መጸዳጃ ቤቱን ከሚያጥቡት ባልደረቦቼ መካከል ትኬት ገዝቶ የገባ አንድም አላውቅም። የካታንጋው ሊስትሮ በዘመኑ ከፍሎ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ሞሮኮ ልመለስ። ከእኛ ሜዳ ዋንጫ ይዛ የሄደችው አገር የ2025ቱን የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዳለች፣ የ2030ውን የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከስፔንና ከፖርቱጋል ጋር ታዘጋጃለች። ሜዳ ተርፏት ሜዳ ለሌለው ታውሳለች። በመጋቢት 2025 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን «በሜዳችን» ስናስተናግድ ሜዳው ካዛብላንካ ነበረ። 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከጨዋታው በፊት ድሬዳዋ ደወልኩ።

«ሜዳው የት ነው አልከኝ?» አሉ አጎቴ።

«ካዛብላንካ ነው፣ ጋሼ።»

«ሞሮኮ?»

«አዎ፣ ሞሮኮ።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» አልኩ።

«ይሰማኛል። በስልሳ ስምንት እኮ እዚህ ነበሩ፤ እኛ ነን ያሳደርናቸው። እስቲ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ነህ? ሣሩ እንዴት ነው?»

«አረንጓዴ ነው» አልኳቸው።