ሹመት ያዳብር፣ አሮጌ ጎማ!

በዚህ አገር ሰው በጡረታ ይገለላል፤ ባቡር ሳይቀር ጡረታ ወጥቶ ለገሃር ተቀምጧል። ጎማ ግን ጡረታ የሚባል ነገር አልደረሰበትም። ጎማ ይሾማል። በልጅነቱ፣ ጥርሱ ሙሉ ሳለ፣ የከባድ መኪና የፊት እግር ሆኖ ሥራ ይጀምራል። ጥርሱ ሳሳ ሲል ወደ ኋላ ይዛወራል። ሊሾ ሲሆን፣ ልምድ አካበተ ተብሎ ወደ ተሳቢው ያድጋል። ከዚያ ስኮርታ (መጠባበቂያ)፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ማስታወቂያ፣ ከዚያ የአበባ መትከያ፣ በመጨረሻም በረባሶ ጫማ። ሲሾም ያልፈነዳ ሲሻር ይቆጨዋል።

እንዲህ ያለ የእድገት መሰላል ለዘረጋው ባለ መኪና ሁሉ ምስጋና ሲገባው፣ ሰሞኑን የጎማ ነቃፊ በዛ። እኔ ግን እጄን ይዞ ያሳደገኝን ባህል አልክድም።

ከሁሉ ከሁሉ የሚማርከኝ የተሳቢው ነገር ነው። ተሳቢ ሞተር የለው፣ መሪ የለው፣ የሚያማርርለት ሹፌር የለው። እንደ ቤት ታናሽ ልጅ የታላቁን ልብስ ይለብሳል፤ ያውም ከታላቁ እኩል እየተሸከመ። የፊት ጎማ ቢፈነዳ መሪ ከእጅ ይነጥቃል፣ ሹፌሩን ያስደነግጣል፣ ጨዋነት የጎደለው ነገር ነው። የተሳቢ ጎማ ሲፈነዳ ግን ሹፌሩ አይሰማም፤ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን እየነፋ እስኪነግረው ድረስ ሙዚቃውን ያዳምጣል። ታዲያ አሮጌውን ጎማ ሹፌሩ በማይሰማበት ቦታ ማሰር ብልህነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አንድ ባለ ተሳቢ ዘመድ አለኝ፤ ጋሼ ነው የምለው። የጅቡቲን መንገድ ከነሐሩሩ ከነአቧራው ያውቀዋል። አንድ ቀን ከተሳቢው ጎን ቁጢጥ ብዬ የጎማውን ጽሑፍ ሳነብ አገኘኝና ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጎማ ስንት ኪሎ ነው የሚችለው?»

«እሱ ምን አገባው? የሚችለው መኪናው ነው።»

ጎማው ላይ 154/149 ተጽፏል። ጋሼ የፋብሪካው ስልክ ቁጥር ይመስለው ነበር። እኔም ለጊዜው ብልጥ ልሁን ብዬ አስረዳሁት፤ 154 ማለት ጎማው ለብቻው ሲታሰር 3,750 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 149 ማለት ደግሞ ከመንታው ጋር ጎን ለጎን ሲታሰር 3,250 ኪሎ። ለምን ይቀንሳል ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መንታ ጎማዎች ሸክሙን እኩል አይካፈሉም፣ አንዱ ትንሽ ከተነፈሰ የእሱን ድርሻ ሌላው ይቀበላል አልኩት። ሁለቱም ልክ ልካቸውን ተጭነው ሳለ አንዱ ጭራሽ ቢተነፍስ፣ የቀረው ብቻውን 65 ኩንታል ይሸከማል፤ በጎኑ የተጻፈለት ግን 37 ተኩል ነው።

ጋሼ አሰበ፣ አሰበና «ጎበዝ ጎማ ነዋ!» አለኝ።

ይህን ስሰማ አፈርኩ። የፋብሪካ ሰው ጎማን በቁጥር ያስራል፤ የእኛ ባለ መኪና ግን በጎማው ያምናል። 400 ኩንታል ይዞ ይወጣል፣ ሲመለስ «ባዶ ከሚሄድ» ብሎ ከሰል ይጨምራል፣ ከሰሉ ላይ ሁለት ሰው ይጨምራል። ለቀረው ትርፍ ጭነት መስታወቱ ላይ ቅዱስ ገብርኤል ተለጥፏል። መልአኩ ስንት ኩንታል እንደሚሸከም የትኛውም ጎማ ላይ ስላልተጻፈ፣ ሒሳቡ ሁሌም ይበቃል።

የነፋሱንም ጉዳይ ላንሣ። በጎማ ጎን የተጻፈው ኪሎ የሚሠራው እዚያው አጠገቡ የተጻፈው ነፋስ ሲሞላ ብቻ ነው ይላሉ፤ ያውም ጎማው ሳይሞቅ፣ በጠዋት ተለክቶ። ለዚህ የሚሆን በኪስ የሚያዝ መለኪያ አለ። እኛ ግን ረዳት አለን። ረዳቱ ብረት ይዞ ይዞርና እያንዳንዱን ጎማ ይመታል። ድም ካለ ሞልቷል፣ ዱብ ካለ ይበቃል። ትንሿ መኪና ከሆነች በእግር ትረገጣለች። ጎማ የማይረግጥ ሰው መኪና ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ረግጦ ምን እንዳወቀ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ከአዋሽ ወዲያ ሲወርዱ ደግሞ ሕክምናም ይጨመራል። ነፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ በተጣጠፈ ቁጥር ይሞቃል፤ ላይ ፀሐይ፣ ታች አስፋልት አለ። ሹፌሩ ዳሰስ አድርጎ «ሞቋል» ይልና ጥቂት ያስተነፍስለታል። ጎማው አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ከበፊቱም ይበልጥ ይሞቃል። ትኩሳት የያዘውን ሰው ዋግምት ተክሎ ደሙን እንደ ማውጣት ነው። አያቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያክሙን፤ የዳነው ድኖ ይመሰክራል፣ ያልዳነው አያማርር።

ይህን ጥበብ ያልታደሉ ወገኖችም አሉን። የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ይኖራል። ከመኪና ኋላ የምትጎተት፣ አልጋና ምድጃ ያላት ትንሽ ቤት ገዝቶ በየክረምቱ ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹን፣ ረከቦቱንና የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጭኖ ተራራ ይወጣል። ይህ ልጅ ባለፈው ዓመት ለዚያች ቤት አራት ጎማ ለመቀየር ሦስት ሳምንት ፈጀ። እኔ በስልክ እየሰማሁ አዘንኩለት።

የድሮዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። «ታዲያ ምን ሆኑ?» ስለው «ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ ተጎታች ቤት አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ነው የምትውለው፤ ላስቲኩ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያረጃል» አለኝ። እዚህ ጥርስ የሌለው ይሠራል፣ እዚያ ጥርሱ ሙሉ የሆነው ቆሞ አረጀ ተብሎ ይጣላል!

ቀጥሎ ሒሳቡን አመጣልኝ። የድሮው ጎማ ጎኑ ላይ «ዲ» የሚል የሸክም ደረጃ ፊደል አለበት፤ አንዱ 2,540 ፓውንድ፣ በእኛ ከ11 ኩንታል ተኩል አይርቅም። አራቱ ሲደመሩ 46 ኩንታል። ቤቲቱ ከነውሃዋ ከነምጣዷ 38 ኩንታል አትሞላም። እኔማ «ስምንት ኩንታል ተርፎሃል፣ በግ ጨምርበት» አልኩት። እሱ ግን የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አውጥቶ በየወገኑ መዘናት፤ ምድጃውና ውሃው በአንድ በኩል ስለሆኑ አንደኛው ወገን ይከብዳል አለ። ስለዚህ «ኢ» የሚለውን፣ 2,830 ፓውንድ የሚችለውን ገዛ። ይህ ጎማ ያን ያህል የሚችለው 80 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ ነው፤ ስለዚህ ቸርኬው፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ያን ነፋስ ይችል እንደሆነ ደግሞ አጣራ። አሁን፣ ብዙው የተጎታች ጎማ ድሮ በሰዓት ከ65 ማይል በላይ አይፈቀድለትም ነበር ብሎ፣ በ105 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ አክስቴ ዕድለኛ ናት።

ይኸው ልጅ ለገና መጣ። ወንድሙ ሚኒባስ አለውና ጎማ ልንገዛ መርካቶ፣ ጎማ ተራ አብረን ወረድን። ባልወሰድኩት ኖሮ!

የታክሲው ነባር ጎማ 195 አር 14 ሲ ነው፤ 106 የሚል ቁጥር ያለው፣ አንዱ 950 ኪሎ የሚሸከም። ባለ ሱቁ ያቀረበልን 185/70 አር 14፣ የቤት መኪና ጎማ ነበር፤ 88 የሚል፣ 560 ኪሎ። ልዩነቱ በአንድ ጎማ 390 ኪሎ ነው፤ አራት ኩንታል ሊሞላ 10 ኪሎ የጎደለው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲናገር ባለ ሱቁ በትዕግሥት አዳመጠውና «ወንድሜ፣ ቸርኬው ስንት ነው?» አለው።

«14።»

«ጎማውስ?»

«14።»

«ገባ አይደል? ጨረስን።»

ምን ይመለስለታል? በዚህ ሎጂክ የልጄ ጫማ ለእግሬ ቢገባ ኖሮ ማራቶን በሮጥኩበት ነበር። አሥራ ሁለት ሰው የሚጫንበት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ስንት እንደሚጫንበት ረዳቱም የማይቆጥረው መኪና፣ ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ በተሠራ ጎማ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ እምነት በጎማ ላይ የጣለ ሕዝብ ሌላ ቦታ አላውቅም።

ልጁ አሁንም አላረፈም፤ ጎንበስ ብሎ አራት አኃዝ አነበበ። 2215።

«ይሄ መቼ የተሠራ ነው?»

«የ2015 ነዋ! ዘንድሮ 2018 ነው፣ ገና ሦስት ዓመቱ!»

እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሣሁ። ቁጥሩ በ2015 በ22ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ ችግሩ 2015ቱ የፈረንጅ ነው። በእኛ ግንቦት 2007 ላይ ይውላል። አምራቾቹ ጥርሱ ቢኖርም ባይኖርም ከ10 ዓመት በላይ አትንዱበት የሚሉት ጎማ፣ ባሕረ ሐሳባችንን በተሻገረ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ከላዩ ላይ ረግፎለት ሕፃን ሆኖ ቁጭ አለ። የዓለም የመዋቢያ ቅባት ፋብሪካ ሁሉ ይህን ምስጢር ቢያውቅ እዚህ መጥቶ በሰፈረ። «22ቱስ?» ቢለው፣ ባለ ሱቁ ዓይኑን ሳያሽ «22 ማዞሪያ ያለው መጋዘን ነው» አለ።

ጥርሱ ላለቀበት ደግሞ ጥርስ የሚያወጡ ሐኪሞች አሉ። የጋለ ቢላ ይዘው ሊሾው ላይ አዲስ መስመር ይቀርጻሉ። (በፋብሪካ በወጉ የታደሰ ጎማ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አውሮፕላንም ያስራል። የማወራው ስለ ቢላው ነው።) በመጨረሻ ሽቦው ብቅ ሲል ገዢው ደነገጠ እንበል፤ ሐኪሙ «ብረት አለበት ማለት ነው፣ ጠንካራ ነው» ይለዋል።

ቦሎ በሚለጠፍበት ወቅት ግን አሮጌው ጎማ ትንሽ ዕረፍት ያገኛል። ለክላውዶ፣ ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ ጎማ ይከራያል። የሙሽራ ልብስ የሚከራይበት አገር ላይ ጎማ ቢከራይ ምኑ ይገርማል? ጠዋት ጥርሰ ሙሉ አራት ጎማ ይታሰራል፣ መኪናው እንደ ሙሽራ ቀና ብሎ ይገባል፣ ቦሎው ይለጠፋል፣ ከሰዓት ልብሱ ለባለቤቱ ይመለሳል። አሮጌዎቹም ወደ መንበራቸው። በማግስቱ እነዚያው አራት ጎማዎች ሌላ መኪና ይድራሉ፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመረመሩ ሲታሰብ፣ እንደ እነሱ ጤናው የተጠበቀ ጎማ በአገሪቱ የለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ ጎማው አንድ ቀን ከፈነዳ፣ ቋንቋችን ራሱ ይታደገናል። «ጎማ ፈነዳበት» ነው የምንለው። አስተውሉ፤ «በት»። ሹፌሩ ቁጭ ብሎ ሳለ ጎማው ተነሥቶ ፈነዳበት። 15 ኩንታል ትርፍ መጫኑ፣ ግንቦት 2007 መሠራቱ፣ በብረት መለካቱ ሁሉ በዚያች ሁለት ፊደል ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠፋል። ዜናውም «የአደጋው መንስኤ የጎማ መፈንዳት ነው» ብሎ ይዘጋል። ፈንጂውን ያጠመደ የለም።

ያን ዕለት የአክስቴ ልጅ አሻፈረኝ ብሎ፣ ባለ 106ቱን ፈልጎ ፈልጎ፣ ከኪሱ አውጥቶ ለወንድሙ ገዛለት። ወንድሙ አመሰገነ፤ አራት አዲስ ጎማ አንድ ላይ ማሰር ግን ብክነት ነው ብሎ ሁለቱን አስቀመጠ። ለክላውዶ ያከራያቸዋል።

ሁለቱን ለማሰር ጎሚስታ ጋ ቆምን። ልጁ አኩርፎ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ድንገት ጎንበስ አለና የጎሚስታውን እግር አፍጥጦ ይመለከት ጀመር። ጎሚስታው በረባሶ ነው ያደረገው፤ ማሰሪያው ከጎማ ጎን የተቆረጠ ስለሆነ ጽሑፉ አልጠፋም። 3,250 ኪሎ ይላል።

«ወንድሜ፣ አንተ ስንት ኪሎ ነህ?» አለው።

«ስልሳ ብሞላ ነው» አለ ጎሚስታው፣ ቡሎን እያጠበቀ። «ምነው?»