የብረት ስሪዲ ሕትመት፦ ማሽኑ ሲቆም ሥራው ገና ነው

ሌዘር በብረት ዱቄት ላይ ብልጭ ድርግም ሲል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ብዙ ገዢ አሳስተዋል። ከአውሮፕላን ሞተር የነዳጅ መርጫ እስከ ጠመንጃ ድምፅ መቀነሻ ብዙ ዕቃ ዛሬ በዚህ መንገድ፣ በብረት ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) ሕትመት ይሠራል፤ ወሬው ግን ስለ ማሽኑ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ15 እስከ 45 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) የሆነ ዱቄት በስሱ ይነጠፋል፣ ሌዘር የተፈለገውን ቦታ ያቀልጣል፣ በላዩ ሌላ ይነጠፋል። የማሽኑ ክፍል አርጎን በተባለ ከብረቱ ጋር በማይዋሃድ ጋዝ የሚሞላው ታይታኒየም ሲግል ኦክስጅን ስለሚስብና ተሰባሪ ስለሚሆን ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና የታችኛውን ይጎትታል። ዕቃው በዚህ ውጥረት እንዳለ ከታተመበት የመሠረት ሰሌዳ ከተቆረጠ ይጣመማል። ስለዚህ ውጥረቱ እንዲለቀው ከነሰሌዳው ምድጃ ይገባል። ነገር ግን በውስጥ ቦዮች የቀረ ዱቄት ምድጃ ውስጥ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ንዝረትም አየርም አያወጣውም። ነዳፊው መውጫ ቀዳዳ ካልተወ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም።

ርካሹ መፈተሻ ሚዛን ነው። በሥዕሉ ላይ 100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆነ የታይታኒየም 6-4 (ከአሉሚኒየምና ከቫናዲየም ጋር የተቀላቀለ ታይታኒየም) ዕቃ 443 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። 460 ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀረ ዱቄት ነው፤ እያገላበጡ ማራገፍና እንደገና መመዘን። ጥርጣሬው ካልለቀቀ የዕቃውን ውስጥ በኤክስሬይ የሚያሳይ ሲቲ ስካን አለ፣ ውድ ቢሆንም።

በውስጥ የቀሩ ጥቃቅን ክፍተቶችን ለመድፈን ዕቃው በ920 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ100 ሜጋፓስካል የጋዝ ግፊት ለ2 ሰዓት ያህል ይቆያል። ይህን እንደ ሁሉ መድኃኒት የሚያዩት አሉ፤ ተሳስተዋል። እስከ ገጽ የሚደርስ ክፍተት ውስጥ ጋዙ ራሱ ስለሚገባ አይደፈንም።

የብሎን ጥርስ ደግሞ ከሕትመቱ አይጠበቅም፤ ትርፍ ብረት ትቶ በቶርኖ ማውጣት ነው። እንዲያውም ዕቃው ተራ ቧንቧ ከሆነ ሁሉንም በቶርኖ መጨረስ ይሻላል። ሕትመት የሚያዋጣው ሊፕ በተባለው የአውሮፕላን ሞተር የነዳጅ መርጫ እንደታየው ነው፦ 20 ያህል ቁርጥራጭ አንድ ሆነ፣ ክብደቱም በ25 በመቶ ቀነሰ።

አቅራቢን ስለ ሌዘሩ ብዛት ከመጠየቅ ይልቅ ከዕቃው ጋር በአንድ ዙር፣ ቀጥ ብለው ቆመው የታተሙ የመፈተሻ ዘንጎች መጠየቅ ይሻላል። በንጣፎች መካከል ያለ ድክመት የሚጋለጠው እነሱ ሲጎተቱ ነው፤ ተጋድሞ የታተመ ዘንግ ይሸፍነዋል።