ከበሩ ዳር ያሉት

ዛሬ ማለዳ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥዬ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ግቢው ቧንቧ ብወርድ፣ ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰብኝ። ውሃው ሌሊት ስምንት ሰዓት መጥቶ ጎህ ሳይቀድ ሄዷል። የምድር ቤቷ ጎረቤቴ አፍ አፋቸው ድረስ የሞሉ በርሜሎቻቸውን እየከደኑ፣ «ውይ ልጄ፣ አልሰማህም እንዴ?» አሉኝ። አልሰማሁም እትዬ፤ በዚህ ግቢ ወሬ የሚደርሰው በሩ ዳር አግዳሚ ላይ ለሚውሉት አምስት ሰዎች ብቻ ነው።

አንድ ቦታ መሰብሰባቸውን አልነቅፍም። በአንጀታችን የምትኖረው ባክቴሪያ ኢ ኮላይም አካባቢዋን የምትቃኝባቸውን አምስት ዓይነት ተቀባይ ፕሮቲኖች በአብዛኛው በሰውነቷ ጫፍ ነው የምታከማቸው። ርዝመቷ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በሺህ የሚቆጠሩት ተቀባዮች እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆነው፣ በ12 ናኖሜትር ገደማ ርቀት ተሰካክተው ስለሚቀመጡ፣ አንዱን የምግብ ሽታ ሲነካው ጎረቤቶቹም አብረውት ጠባያቸውን ይለውጣሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። የአግዳሚው ሰዎች ግን ተረቱን የሚጠቅሱት የጥበቃ መዋጮ ሲሰበስቡ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት ጉልበት አያጡም።

ጫፍ ካልሁ አይቀር፣ የባዮሎጂ መምህሬን ሳላነሣ አላልፍም። በፈተና ላይ ባክቴሪያ ሣሉ ተብለን ስስል እስክሪብቶዬ አፈሰሰና ነጠብጣቡ ሁሉ አንድ ጫፍ ላይ ተከማቸ። እርሳቸውም ባክቴሪያ ማለት ሁሉም ነገር የተደባለቀበት ከረጢት ነው ብለው ሁለት ማርክ ቀነሱብኝ። ተመራማሪዎቹ ጃኒን ማዶክና ሉሲ ሻፒሮ ተቀባዮቹ በሴሉ ጫፍ እንደሚሰበሰቡ ያሳዩት በፈረንጆቹ 1993 ነው፤ ፈተናው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነበር። በቀለም መፍሰስም ቢሆን ትክክል ነበርሁ! ሁለቱ ማርክ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

ወደ ውሃው ወሬ ልመለስ። የኢ ኮላይ ጭራዎች የሚሽከረከሩባቸው ሞተሮች በአካሏ ዙሪያ ተበታትነዋል፤ ሆኖም ምግቡ እየራቀ ሲሄድ ቼ-ኤ የተባለው ፕሮቲን ከጫፉ ሳይነሣ ቼ-ዋይ ለተባለው መልእክተኛ ፕሮቲን ፎስፌት የተባለ የኬሚካል ምልክት ያሸክመዋል፤ ቼ-ዋይም ግማሽ ሴኮንድ ሳይሞላ የመጨረሻው ሞተር ዘንድ ይደርሳል፤ ሞተሩም መዞሪያውን ይገለብጥና እርሷ ተገለባብጣ አቅጣጫዋን ትለውጣለች። ከዚህ ሁሉ የሚያስቀናኝ ቼ-ዚ የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ከተቀባዮቹ ጎን ተቀምጦ ያንን ፎስፌት ከቼ-ዋይ ላይ እያራገፈ ያረጀውን መልእክት ይደመስሳል። በእኛ ደረጃ መግቢያ ግን ከሦስት ወር በፊት የተለጠፈው «ነገ ውሃ ይመጣል» የሚለው ማስታወቂያ አሁንም አለ፤ እኔም ሁለት ጊዜ አምኜው ወርጃለሁ።

ጀሪካኖቹን ባዷቸውን ይዤ ስመለስ አምስቱ ከበሩ ዳር በአንድ ነገር ይስቁ ነበር፤ በምን እንደሆነ እስካሁን አልደረሰኝም።