ያልታየ ቁስል፣ የተረሳ ቱቦ

ቀደም ሲል የኩላሊት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሲባል ጎንን በሰፊው ከፍቶ መግባት፣ አንዳንዴም የጎድን አጥንት ቆርጦ ማንሳት ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ከስዊድን የወጣ ሪፖርት ከጀርባ በሚበጅ ጠባብ ቀዳዳ ጠጠር ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1980 ሙኒክ ውስጥ የታማሚን ጠጠር ያለ ቢላ፣ ከሰውነት ውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ መሰባበር ተጀመረ፤ በ1990 ደግሞ ሐኪሙ ራልፍ ክሌይማን አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ላይ ሙሉ ኩላሊት በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ፣ አወጡ። ታማሚው ያገኘው እፎይታ እውነተኛ ነው፤ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ደም የሚፈሰው ያነሰ ነው፣ ወደ ሥራም ቶሎ ይመለሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁስሉ ባለመታየቱ ምክንያት አብሮ የሚረሳው ነገር ነው።

ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት በሚያወርደው ቱቦ ውስጥ ጠጠር ሲሰነቀር ሐኪሙ ቀጭን መመልከቻ መሣሪያ በሽንት መውጫ አስገብቶ፣ ፊኛውን አልፎ፣ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ወደሚሆነው ቱቦ ይዘልቃል፤ በመሣሪያው ውስጥ የሚያልፈው የሌዘር ክርም ጠጠሩን እስኪደቅ ይፈጨዋል። ቆዳ አልተነካም፣ ስፌት የለም። የቱቦው ግድግዳ ግን ተቆጥቶ ሊያብጥ ስለሚችል፣ ሽንት መተላለፊያ እንዳያጣ ሐኪሞች ዲጄ የሚሉት፣ ሁለቱም ጫፎቹ የተጠመዘዙ ለስላሳ ስቴንት (ሰው ሠራሽ ቀጭን ቱቦ) ብዙ ጊዜ ይቀመጣል፤ አንዱ ጫፍ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ያርፋል። ይህ ስቴንት አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መውጣት አለበት። ለብዙ ወራት ሲቆይ የሽንት ጨው ይጋገርበታል፤ ለዓመታት ከተረሳ ራሱ ጠጠር ለብሶ ኩላሊቱን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል፣ እሱን ማውጣትም ከመጀመሪያው የከበደ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

ታማሚው «ለምን ሳትመለስ ቀረህ?» ተብሎ ሲወቀስ መስማት ያሳዝነኛል። ሕመሙ የተወው፣ ገላው ላይም ጠባሳ የሌለበት ሰው ውስጡ የቀረውን ባዕድ ነገር በምን ያስታውስ? አንዳንዱማ ከማደንዘዣ ሳይነቃ ነው የሚነገረው፤ ይህን መንገር ልንለው አንችልም። ኃላፊነቱ ስቴንቱን ያስገባው ክፍል ነው፤ የገባበትና የሚወጣበት ቀን በመዝገብ ይስፈር፣ ያው ቀን በጽሑፍ ለታማሚውና ለአስታማሚው ይሰጥ፣ በቀኑ ያልመጣውም ስልክ ይደወልለት። ለሌዘር መግዣ ገንዘብ ያገኘ ሆስፒታል ለአንድ መዝገብና ለአንድ ደዋይ አጣሁ ሊል አይገባም።

የሽንት ምርመራም በዚሁ «ሆድ አልተከፈተም» በሚል መዘናጋት ይታለፋል። በመሣሪያው በኩል የሚገባው ውኃ በግፊት ስለሚሄድ በሽንቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ወደ ደም ሊገፋው ይችላል፤ ስለዚህ የሽንት ካልቸር (በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ውጤት ሳይታይ ቀጠሮ ያለው ታማሚ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት የለበትም። የመውጫ ወረቀቱ ላይም ስቴንቱ ገና ውስጥ እያለ «ሕክምናው ተጠናቋል» ተብሎ ባይጻፍ እመርጣለሁ።